እንጀራና ስሙ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ለሰው ልጅ ስም ሲወጣ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የምግብ ዝርዝር ግን ስም የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን እንደ እኔ ያለ አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚ ደግሞ ይሳሳታል። ከዚህ በታች የማቀርበው እኔ ራሴ በአንድ እንጀራ ስም ላይ የሠራሁትን ስሕተት ነው። የምተርከው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። ከአገር ርቀን የምንኖር ሰዎች የአገራችንን ምግብ ስንሠራ፣ ስንሸጥና ለሌላው ስናስተዋውቅ፣ በምንሰጠው ስም ውስጥ እውነት የመናገር ግዴታችን እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ አንባቢ አብሮኝ እንዲያስብበት ስለ ፈለግሁ ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ናይሮቢ፣ ብዙዎቻችን «ኢስሊ» እያልን በምንጠራው በኢስትሊ ነው። በተለይ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሞያሌ በኩል እየተሻገረ የመጣው ወገናችን ከሶማሌ ጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣ እንደየአቅሙ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ጀበና ጥዶ የሚኖርበት ሰፈር ስለ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ከመንገዶቹ በአንደኛው ላይ ከፎቅ ሥር ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለች። ባለቤቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። የወሎ ቆላ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ እትዬ አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የአገሩም ሰው ፈረንጁም መምጣት ጀምሯል። ይቺን ዝርዝር በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ። ክፍያው ምሳና ቡና ነበር። ዝርዝሩ ላይ አሥራ ስምንት ዓይነት ምግብ ሰፍሯል። የመጀመሪያው መስመር «የጤፍ እንጀራ» ይላል። ቀና ብዬ፣ «እውነት የጤፍ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እትዬ ሳቁና «ጤፍ አለበት» አሉኝ።

«ጤፍ አለበት» እና «የጤፍ» አንድ አለመሆናቸውን ከማንም ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እየመዘንሁ ነው የምኖረው። ያም ሆኖ እኔም አብሬ ሳቅሁና «የጤፍ» ብዬ ጻፍሁ። በዚህ ብቻ ቢበቃኝ ጥፋቱ ለሁለታችን በተካፈለ ነበር። እኔ ግን ጤፍ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የሌለበት እህል መሆኑን አንብቤ ስለ ነበር፣ ደንበኛ ይስባል ብዬ በገዛ ፈቃዴ በቅንፍ ውስጥ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጨመርሁበት። እትዬ ጨምር አላሉኝም። ቃሉንም አያውቁትም። ባልተማሩት ሴት ዝርዝር ላይ የገባው ትልቁ ሐሰት የተማረው ሰው ሐሰት ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ በስልክ ጠሩኝ። «አንዲት ሴት መጥታ ትጠይቀኛለች፤ አልተግባባንም» አሉ። ስደርስ አንዲት ኬንያዊት መምህርት ዝርዝሩን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። አልተቆጣችም። ሲሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባት፣ ስንዴም ሆነ ገብስ ወደ ሆዷ ከገባ አንጀቷ እንደሚቈስል፣ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር መጥታ ዝርዝሩን አንብባ እንደ በላች፣ ከዚያም አራት ቀን ከአልጋ እንዳልወረደች ነገረችኝ። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ኒ ኡንጋ ጋኒ?» አለች፤ ምን ዓይነት ዱቄት ነው?

ጥያቄዋን ወደ አማርኛ መለስሁ። እትዬ ሳያመነቱ መለሱ። «ግማሹ ጤፍ ነው። ማሽላ አለው። ፉርኖ ዱቄትም ጨምሬበታለሁ፤ አለዚያ አያዋጣኝም፤ ምጣዱ ላይም ይሰነጣጠቅብኛል።» ይህንንም ወደ ስዋሂሊ መለስሁ። በፍርድ ቤትና በሆስፒታል ለብዙ ሰው አስተርጉሜአለሁ። ተከሳሹ እኔ ሆኜ ሳለ በከሳሽና በምስክር መካከል ቆሜ ያስተረጎምሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። መምህርቷ «በቅንፍ ያለውን ማን ጻፈው?» ብላ አልጠየቀችም። እኔም ያን ዕለት አልነገርኋትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ባወራሁ ጊዜ አብዛኞቹ የሰጡኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «ድሮስ ስንዴና ማሽላ የተቀላቀለበት ነገር እንጀራ ይባላል? እንጀራ ማለት የጤፍ ነው። ሌላው ማስመሰል ነው።» ይህ አስተያየት ሲሰሙት ጥብቅና እውነተኛ ይመስላል። ነገር ግን አገራችንን ከአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች መስኮት ብቻ የሚያይ አስተያየት ነው። በመንዝና በላስታ ደጋ የገብስ እንጀራ ይበላል። በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በሐረርጌም የማሽላ እንጀራ የዘወትር ምግብ ነው። በጎጃምና በጎንደር ዳጉሳ፣ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል በቆሎ ከጤፍ ጋር ይቀላቀላል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ መመረት ከጀመረ ወዲህ የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ የተለመደ ሆኗል። እነዚህን ሁሉ «እንጀራ አይደሉም» የሚል ሰው የሚሽረው የምግብ ዓይነትን ብቻ አይደለም። የብዙ ሚሊዮን ገበሬዎችን ማዕድ ነው። እትዬ ራሳቸው «እኔ በማሽላ እንጀራ ነው ያደግሁት፤ ጤፍ ለዓመት በዓል ነበር» ይላሉ።

ታዲያ እንጀራን እንጀራ የሚያሰኘው እህሉ ካልሆነ ምንድን ነው? የጥንት ግሪኮች ተመሳሳይ ጥያቄ ነበራቸው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀሉ በምትኩ አዲስ ሳንቃ ይመቱ ነበር። ሳንቃዎቹ እየተለወጡ ከሄዱ መርከቡ ያው የጥንቱ ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፎቻቸው በዚህ ተከራክረውበታል። በእኔ እምነት ማንኛዪቱም የአገራችን ባልትና ዐዋቂ ለዚህ ክርክር መልስ አላት። መልሱም እርሾ ነው።

ዱቄቱ በየጊዜው አዲስ ነው። ውኃውም አዲስ ነው። ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ ተፈልቶ አብሲት ሆኖ የሚመለሰውም የዕለቱ ነው። እርሾው ግን የትናንቱ ነው። የትናንቱ እርሾ ደግሞ ከትናንት ወዲያው የተረፈ ነው። እዚህ ኢስትሊ ውስጥ ቤት የከፈተች ሴት የመጀመሪያ እርሾዋን ከጎረቤት ትለምናለች። ያቺ ጎረቤት ከሌላዋ ለምናለች። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ቢቆጠር የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? እህሉ ቢለወጥ፣ አገሩ ቢለወጥ፣ ምጣዱ ከሸክላ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ ሊጡ በእርሾ ቦክቶ፣ ምጣድ ላይ ክብ ሆኖ ዓይን አውጥቶ፣ ሰዎች ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት ከሆነ እንጀራ ነው። ስሙ የእህል ስም አይደለም፤ የአሠራርና የአበላል ስም ነው።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። አንድ ሰው «እንጀራዬ ነው» ሲል ስለ ሥራው፣ ስለ መተዳደሪያው መናገሩ ነው። «እንጀራ ፍለጋ» አገሩን የለቀቀ ሰው ጤፍ ፍለጋ አልወጣም። ያልወለደችውን ልጅ የምታሳድግ ሴት ደግሞ «የእንጀራ እናት» ትባላለች። በተረት ውስጥ የእንጀራ እናት ክፉ ሆና ብትቀርብም፣ ቃሉ ራሱ የሚለው ሌላ ነው፤ ከደም ዝምድና ቀጥሎ የሚቆጠር ዝምድና አለ፣ እርሱም የሚያበሉት ሰው ዝምድና ነው። ኢስትሊ ለብዙዎቻችን የእንጀራ እናት አይደለችምን? አልወለደችንም፤ አንዳንዴም ትገፈትረናለች፤ የበላነው ግን የእርሷን ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበሉትን፣ የእኛን የሚመስል ቀጭን ቂጣ «አንጄሮ» ሲሉት ስንሰማ፣ ይህ ስም ከእኛ ድንበር የሰፋ መሆኑን እንረዳለን።

ስለዚህ እትዬ ቅልቅላቸውን «እንጀራ» ማለታቸው ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ያለው «የጤፍ» በምትለዋ ትንሽ ቃል ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ስምና ቅጽል ተምረናል። ስም ነገሩን ይጠራል፣ ቅጽል ደግሞ ያን ነገር ከሌላው ይለየዋል ተብለናል። ያልተማርነው ነገር ቢኖር ሁለቱ በሰው ላይ የሚጥሉት ኃላፊነት የተለያየ መሆኑን ነው። «እንጀራ» ያለ ሰው ሰፊ በር ከፍቶ «ግቡ» ማለቱ ነው። «የጤፍ» ያለ ሰው ግን ቃል ገብቷል፤ ቃሉን የሰማው ሰው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ገንዘቡን ይከፍላል፣ አፉን ይከፍታል። ስሙ ሰፊ ነው፤ ቅጽሉ ግን ዕዳ ነው። «ከግሉተን ነፃ» ደግሞ የዕዳዎች ሁሉ ዕዳ ነበር፤ የተበደረው እኔ ስሆን የከፈለችው መምህርቷ ናት።

እዚህ ላይ ለእትዬ ወገን ሆኖ የሚከራከር ሰው የሚያነሣው ክብደት ያለው ነጥብ አለ። ጤፍ እዚህ ውድ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበርና፣ ናይሮቢ የሚደርሰው በጭንቅና በውድ ዋጋ ነበር። እንጀራ ሻጮች መቀላቀልን የለመዱት ሊያታልሉ ሳይሆን ሊኖሩ ነው። ከዚህም በላይ ደንበኛው ራሱ ያውቃል። ከእትዬ ዘንድ በየቀኑ ምሳውን የሚበላ አንድ ሾፌር፣ «ጤፍ ብቻ አለመሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ግን የጤፍ ሲሉኝ ደስ ይለኛል» ብሎኛል። ለእርሱ ቃሉ የአገሩ ሽታ ነው። ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ሐሰት ሐሰት ይባላል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በባህላችንም መልስ አለው። እንግዳ ተቀባይ እመቤት ማዕዱን ሞልታ ስታበቃ፣ «ምንም አልሠራሁም፤ ያለችውን ቅመሱ» ትላለች። እንግዳው ሦስት ዓይነት ወጥ እያየ «ውሸትሽን ነው» አይላትም። ንግግሩ መረጃ ሳይሆን ትሕትና መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሾፌሩና እትዬም እንደዚሁ ናቸው፤ በ«የጤፍ» ቃል እየተጠቃቀሱ ይግባባሉ። በመካከላቸው የተታለለ ሰው የለም።

ችግሩ የመጣው እኔ ስተረጉመው ነው። የአፍ ቃል ከማዕዱ አይርቅም፤ ተናጋሪውና ሰሚው ፊት ለፊት ናቸው። ጽሑፍ ግን ብቻውን ይሄዳል። ትርጉም ደግሞ ከነጭራሹ ጥቅሻውን ወደማያውቅ ሰው ይወስደዋል። ቃሉ ይተረጎማል፤ ጥቅሻው አይተረጎምም። ለሾፌሩ ጨዋታ የነበረው ነገር ለመምህርቷ የሐኪም ቃል ያህል የታመነ መረጃ ሆኖ ደረሰ። እርስ በርሳችን ስንሆን ምንም ጉዳት ያላደረሰ ነገር በሩን ለሌላ ስንከፍት ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳ ልጋብዝ ያለ ቤት የቤተሰቡን ጥቅሻ ትቶ ቀጥተኛ ቃል መናገር ይኖርበታል።

ይህ ደንብ በእንጀራ ብቻ አይወሰንም። እዚያው ዝርዝር ላይ «የጾም» የሚል ቅጽል አለ፤ ለምእመኑ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መራቅን ያመለክታል። ወጡ በድብቅ ቅቤ ከገባበት የሚበደለው የሚጾመው ሰው ነው። «ሐላል» የሚል ቅጽል አለ፤ በዚህ ሰፈር የጎረቤቶቻችን እምነት የተመካበት ቃል ነው። ክርስቲያንና እስላም አንዱ ያረደውን ሌላው ሳይበላ፣ ግን በአንድ ድንኳን ለሰርግ ተጠራርተው፣ ሁለት ድስት ጥደው የሚደጋገሱበት አገር ልጆች ነን። ያ ልማድ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የእስላም ድስት የተባለው በእርግጥ የእስላም ድስት መሆኑን ሁሉም በማመኑ። መተማመኑ ከሥጋው ይበልጥ ነበር።

የአካባቢ ስምም እንደዚሁ ዕዳ አለበት። የእትዬ ዝርዝር ርእስ «ባህላዊ የኢትዮጵያ ምግቦች» ይላል። ከሥሩ የጉራጌ ክትፎና ቆጮ፣ የኦሮሞ ጨጨብሳና ጭኮ፣ ከአጋመ የመጣው ጥህሎ፣ የወሎና የሸዋ ወጦች አንድ ላይ ተሰልፈዋል። ስተረጉም የትኛው ከየት እንደ መጣ አልጻፍሁም፤ ቆጮንም «ዳቦ» ብዬ አለፍሁት። የእንሰት ግንድ ሲፋቅ፣ የተፋቀው በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ሲብላላ፣ ከዚያም ተጨምቆ ተነፍቶ ሲጋገር የሚያልፍበትን የሴቶች ድካም በአንዲት የተሳሳተች ቃል ደመሰስሁት። በዚህ ማንም አልታመመም። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ጥበብ ስሙን አጥቶ በሌላ ስም ሲሸጥ የሚሰማው ስሜት አለ፤ አንድ የወልቂጤ ሰው ዝርዝሩን አይቶ፣ «እናቴ ዳቦ ስትጋግር አላውቅም» ብሎኛል።

የጋራ ማድረግና ምንጭን መርሳት ግን አንድ እንዳልሆኑ ከሩቅ አገር ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአርጀንቲና ሎክሮ የሚባል ወፍራም ሾርባ አለ፤ ነጭ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ዱባና ሥጋ አንድ ላይ ለረዥም ሰዓት ይቀቀላል። ስሙም አሠራሩም ከአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች የመጣ ነው፤ ቃሉ የኬችዋ ቋንቋ ነው። ዛሬ የ1810 እ.ኤ.አ. አብዮት በሚታሰብበት በግንቦት 25 እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ አገሩ ሁሉ ሎክሮ ይበላል። የአንድ አካባቢ ምግብ የአገር ሆኗል፤ የኬችዋ ስሙን ግን አልተቀማም። ኤምፓናዳ የሚሉት፣ የእኛን ሳምቡሳ የሚመስል ምግብም አላቸው፤ በሳልታ ድንች ይገባበታል፣ በቱኩማን ሥጋው በቢላዋ ይከተፋል፤ ሁለቱም በየአውራጃቸው ስም ይጠራሉ። አንድ ማዕድ ላይ መቅረባቸው ማንነታቸውን አላጠፋውም። እኛም «የኢትዮጵያ» ስንል «የጉራጌ» ማለትን የሚከለክለን ነገር የለም፤ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን ያከብረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ስም ሲወሰድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ራሳችን ቀምሰነዋል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከጤፍ በሚሠሩ ምርቶች ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት ቢሮ መብት አግኝቶ ነበር። እናቶቻችን በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር የሌላ ሰው ፈጠራ ተብሎ ሲመዘገብ ያልተቆጣ ኢትዮጵያዊ የለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ሲሽረው ደስ አለን፤ ደስታችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለጤፍ ስም እንዲህ የተቆረቆርን ሰዎች ያንኑ ስም ጤፍ በሌለበት ወይም ባነሰበት እንጀራ ላይ በነፃ ስንለጥፈው ምን ልንባል ነው? ስሙ ከውጭ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠበቀው።

ደግሞስ ለምን እንዋሻለን? ዋጋው ብቻ እንዳይመስለን። በደንብ ሳስበው ከዋጋው ሥር ሐፍረት አለ። ማኛ ጤፍ የጌታ፣ ሰርገኛው የመካከለኛ፣ ማሽላና ገብስ የድኻ ነው የሚል የቆየ መዓርግ በልባችን ተጽፏል። እትዬ ያሳደጋቸውን እህል ስም በዝርዝራቸው ላይ ለመጻፍ አፈሩ፤ እኔም አፈርሁላቸው። እትዬ ማሽላውን የደበቁት ዋጋ ስለሌለው አልነበረም፤ ዋጋ የለውም ብለን ስላስተማርናቸው ነው። «ጎመን በጤና» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ቢያንስ ጎመኑን ጎመን ብሎ ለመጥራት ድፍረት አያጣም ነበር።

መምህርቷ በመጣች በሳምንቱ ከእትዬ ጋር ተቀምጠን ዝርዝሩን እንደገና ጻፍነው። «እንጀራ፤ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከስንዴ» አልን። ክትፎውን ከጉራጌ፣ ጥህሎውን ከትግራይ አልነው፤ ቆጮውን ቆጮ ብለን ከእንሰት እንደሚሠራ በአንድ መስመር ገለጽን። በመጨረሻም፣ «የጤፍ ብቻ እንጀራ፤ ቀደም ብሎ ሲታዘዝ» የሚል ጨመርን። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ብዕሬን ስከድን እትዬ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እርሾውስ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። «እርሾው እኮ የቆየ ነው» አሉ። «ስንዴ አለበት። ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ባቦካ በትናንቱ እርሾ ከሆነ የትናንቱ ስንዴ ይገባበታል። ያቺን ልጅ መልሼ ላሳምማት ነው።» እኔ ስለ ቃል ስጨነቅ እርሳቸው ስለ ነገሩ አሰቡ። ከላይ እርሾ የእንጀራን ማንነት ከትናንት ወደ ዛሬ ያሻግራል ብያለሁ። ያን ቀን የተማርሁት እርሾ የትናንቱን ጥፋትም አብሮ እንደሚያሻግር ነው። ቃል ማረም ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ቀድዶ ሌላ መጻፍ ነው። የቦካውን ማረም ግን ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ምጣድ፣ ሌላ እርሾና ትዕግሥት ይጠይቃል።

እትዬ አዲስ የጤፍ ሊጥ ያለ እርሾ በጥብጠው በራሱ እንዲቦካ በተለየ ማሰሮ አስቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የጋገሩት አፍለኛ ሆነ፤ ዓይን አላወጣም፤ ለቤት ሰው ተበላ። ከዚያ የተረፈውን ይዘው እንደገና አቦኩ። ሁለተኛው ደኅና ነበር። በአራተኛው ጊዜ «አሁን እንጀራ ሆነ» አሉ። በዚህ መካከል ሁለት የቀድሞ ደንበኞች «ማሽላማ ቤታችን አለ» ብለው ቀርተዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ እስከ ዛሬ «መቶ በመቶ ጤፍ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ገበያው ደርቶለታል። እውነት መናገር ትርፍ ያመጣል ብዬ ለአንባቢ ልዋሽ አልፈልግም።

እኔም ለመምህርቷ ደውዬ በቅንፍ ያለውን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። ለአፍታ ዝም አለችና፣ «ታዲያ አስተርጓሚ ነኝ ስትለኝ ለምን አመንሁህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፍርድ ቤት ስቆም «ያለ መጨመርና ያለ መቀነስ» ብዬ እምላለሁ። በምግብ ዝርዝር ላይ ግን ማንም አያስምለኝም። መሐላ በሌለበት ቦታ ቃልን መጠበቅ የራስ ጉዳይ ይሆናል። ፍርድ ቤት በደረስሁ ቁጥር መዝገብ እያየሁ ስለማደርገው ጥንቃቄ እኮራ ነበር፤ የሰው ሕይወት ግን በመዝገብ ብቻ ሳይሆን በምሳ ዝርዝርም ውስጥ እንዳለች አላስተዋልሁም።

ከወር በኋላ መምህርቷ አንድ ቅዳሜ አስቀድማ አዝዛ መጣች። ለመምጣት መድፈሯ አስገረመኝ። ትሪው ከመቅረቡ በፊት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ኒ ኡንጋ ጋኒ?» ላስተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ። ከተማሩት ጥቂት ስዋሂሊ ውስጥ ቃሉን ፈልገው ራሳቸው መለሱላት፤ «ጤፍ ቱ»። ጤፍ ብቻ ማለታቸው ነበር። መምህርቷ ፊታቸውን ጥቂት ተመለከተችና እጇን ልትታጠብ ተነሣች።